ጤፍ ጠጠር አይሆንም፦ ስለ ሞዴል ባቡር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ላይ ሳሎኔ ውስጥ ስለምሠራው ትንሽ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ጣቢያው ከነመጋዘኑ፣ ከነሀዲዱ፣ ከነፉርጎው ያረፈው አንድ አሮጌ በር ላይ ነው። ሁለት መስመር እንዲህ ደብዳቤ ያዘንባል ብዬ አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር በዚህ ዕድሜው ካርቶን ቆርጦ ቤት የሚሠራ ሐበሻ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ስምንቱን ይዤ ቀርቤያለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ቃል እንስማማ። ሀዲዱን፣ ቤቱን፣ ዛፉንና ተራራውን አንድ ላይ የተሸከመውን ጠረጴዛ ፈረንጆቹ «ሌይአውት» ይሉታል። እኔ ቤቴ ውስጥ «ገበታ» ነው የምለው። እዚህም ገበታ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ምድር ባቡር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል። ያደግኩት አዳማ ጣቢያው አጠገብ ነው። አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ፣ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶም ገዝቻለሁ። ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ያለውን መስመር በሙሉ መሥራት ነው ሐሳቤ። በምን መጠን ልጀምር? (ጡረተኛው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ለጡረታው በሰላም አበቃዎት። አሁን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ልቸልስብዎት ነው፣ ይቅርታ። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ሰው የሚሠራበት መጠን ኤች ኦ ይባላል፣ እውነተኛውን ነገር 87 ጊዜ ማሳነስ ማለት ነው። 784 ኪሎ ሜትርን 87 ጊዜ ቢያሳንሱት 9 ኪሎ ሜትር ይቀርዎታል። የእርስዎ ኮምፔንሳቶ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ44 ነው።

ስለዚህ መስመሩን ይተዉትና አንድ ቦታ ይያዙ። ያ ኮምፔንሳቶ በኤች ኦ ሲታሰብ 212 ሜትር በ106 ሜትር መሬት ነው። አንድ ጣቢያ፣ ሁለት ሀዲድ፣ አንድ መጋዘን፣ ከጀርባ አራት አምስት ቤት፤ በቃ፣ ሞላ። አዳማን ያውቁታል፣ አዳማን ይሥሩ። አባትዎ ጠዋት በየትኛው በር ይገቡ እንደነበር፣ ሻይ ቤቷ በየት በኩል እንደነበረች የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ካታሎግ አይሸጥልዎትም።

ስለ ሀዲዱ አንድ ጣጣ አለ። የእኛ አሮጌው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ልክ ነው፤ በብዙ አገር የተለመደው ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የኤች ኦ ሀዲድ (16.5 ሚሊ ሜትር) የተሠራው ለዚያኛው ነው። ለእኛ 12 ሚሊ ሜትሩ ነው የሚሆነው፣ ኤች ኦ ኤም ይባላል። የስዊዝ ተራራ ባቡሮች እንደኛው 1 ሜትር ስለሆኑ ቤሞ የተባለው የጀርመን ድርጅት በዚህ መጠን ይሠራል፣ የእንግሊዙ ፔኮም ሀዲዱን ይሸጣል። ዋጋው ግን ያንገበግባል። ብልሃቱ ይኸውና፦ ቲቲ የሚባል ሌላ መጠን አለ፣ የእሱም ሀዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ያገለገለ የቲቲ ባቡር ይፈልጉ፣ ከላይ ያለውን አካል ያውልቁና ሞተሩንና እግሩን ብቻ ይውሰዱ፣ የራስዎን አካል ከካርቶን ሠርተው ይደርቡበት። ሊቶሪናዋን፣ ራሷ ሞተር ያላትን የመንገደኛ ባቡር፣ ለመሥራት በተለይ በጣም ይመቻል፣ እሷ ብዙም ውጣ ውረድ የላትም፣ መስኮት ያላት ሳጥን ናት።

አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ወይም የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር መሥራት ለሚያምረው ግን ተራው የኤች ኦ ሀዲድ ይሆነዋል፣ የእነሱ ስፋት የተለመደው ነው።

ጥያቄ፦ በሀዲዱ መካከል ለሚፈሰው ጠጠር ጤፍ ተጠቀምኩ። ነጩንና ሠርገኛውን ቀላቅዬ በኮላ አጣበቅኩት። ስጨርስ በጣም አምሮ ነበር። በሳምንቱ በቀለ። ባለቤቴ ካየችው ጀምሮ አላናገረችኝም። (ከጉለሌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ የጤፍ ዋጋ ዝም ማለቷ ራሱ ትዕግሥት ነው። እኔ ብሆን ገበታውን በመስኮት ተወርውሮ ነበር የማገኘው።

ጤፍ እህል ነው፣ ነፍስ አለው። ውሃ በበዛበት ኮላ አራስከው፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀመጥከው፤ ከዚህ በላይ ምን ያርግልህ? ባይበቅል ደግሞ አይጥ ይመጣበት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን መጠኑ ልክ አይደለም። ጤፍ አንዷ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በ87 አባዛት፤ 8 እና 9 ሳንቲም ትሆናለች፣ የጡጫ ያህል ድንጋይ ማለት ነው። የእውነተኛው ሀዲድ ጠጠር ከ3 እስከ 6 ሳንቲም ነው። እኛ አገር የትንሽ ነገር መለኪያው ጤፍ ነው፣ በኤች ኦ ግን ጤፍ ቋጥኝ ነው።

የምትፈልገው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ነገር ነው። ቤት ከሚሠራበት ቦታ አንድ ጣሳ አሸዋ ለምነህ አምጣ። እጠበው፣ አድርቀው፣ በዱቄት ወንፊት ንፋው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ተወው፣ ያለፈውን ደግሞ በአሮጌ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ አድርገህ አራግፈው። በስቶኪንጉ አልፎ የወረደው ብናኝ ለመንገድ አቧራ ይሆንሃል፤ ውስጡ የቀረው ነው ጠጠርህ። ከዚያ ምጣድ ላይ ትንሽ አመስ አመስ አድርገው፣ ነፍሳት ካለበት ይሙት። (የእንጀራውን ምጣድ አይደለም። አሁን ያለህበት ሁኔታ ላይ እንዳትጨምርበት።)

አሁን የምልህን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማግኔት ውሰድና በላስቲክ ጠቅልለህ አሸዋው ውስጥ አመላልሰው። ጥቁር ብናኝ ተጠራቅሞ ይወጣል። አሸዋችን ብዙው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረት አለበት፣ የባቡሩ ሞተር ውስጥ ደግሞ ማግኔት አለ። ያ ብናኝ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ባቡርህ አንድ ቀን ጥርሱን አንቀጫቅጮ ይቆማል።

አሸዋውን በሀዲዱ መካከል በማንኪያ ነስንስ፣ በለስላሳ ብሩሽ አስተካክል። ካስተካከልክ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ኮላ አታምጣ። መጀመሪያ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ያደረግክበት ውሃ በጣም ደቃቅ አድርገህ ርጭበት። ሳሙና ከሌለው ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ጠጠርህን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ነጩን ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጠህ በስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርግ፣ ራሱ ይሰርጋል። እስኪነጋ እንዳትነካው። ሀዲዱ የሚቀያየርበት ቦታ ጋ ስትደርስ እጅህን ሰብስብ፣ እዚያ አንዲት ጠብታ ኮላ ከገባች መቀየሪያው ዳግም አይንቀሳቀስም።

የበቀለውንስ? ሙቅ ውሃ አፍስበትና ግማሽ ሰዓት ተወው። ነጭ ኮላ ይለሰልሳል፣ በማንኪያ ፍቀህ ታነሳዋለህ። ለባለቤትህ አንድ ኪሎ ጤፍ ይዘህ ግባ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ለባቡሩ ገበታ የአያቱን ቤት አብረን እየሠራን ነው። ግድግዳው አልቋል፣ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ አልመስል አለን። ገዝተን የሞከርነው የፕላስቲክ ቆርቆሮ ወፍራም ነው፣ የአሻንጉሊት ቤት አስመሰለው። ተሠርቶ የሚሸጠው ቤት ደግሞ ሁሉም የአሜሪካ ጎተራ ነው። (የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎተራውን ትታችሁ የአያትን ቤት መጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። እንዲያው ቆርቆሮ ያልገባበት የእኛ አገር ሠፈር ቢሠራ ማን ያምነናል?

የእውነተኛ ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው 7 ሳንቲም ተኩል ገደማ ነው። ለ87 ስታካፍይው 0.86 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አሁን የ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን አንሺ። ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው! ተነጋግረው የሠሩት ነው የሚመስለው። እናንተ ጋ ቡሎን በኢንች ስለሚሸጥ ሜትሪክ ከሚለው መሳቢያ ውስጥ ፈልጊ፣ እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ ያለውን ረጅሙን።

ከዚያ ምግብ ቤት ምግብ ጠቅልለው የሚሰጡበትን የአልሙኒየም ሳህን ግርጌ ቁረጪ። የለስላሳ ጣሳ አይሆንም፣ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም። የወጥ ቤቱ ፎይል ደግሞ በጣም ስስ ነው፣ ይቀደዳል። የሳህኑ ልክ ነው። የኮምፒውተር ማውስ በሚቀመጥበት ላስቲክ ላይ አንጥፊው። ቡሎኑን እንደ ጥጥ መዳመጫ በሁለት እጅሽ ያዥና ጫን ብለሽ አንድ ጊዜ ብቻ አንከባይው። አንድ ጊዜ። ካማረሽና ከደገምሽው ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። ስታነሺው ቆርቆሮ ሆኖ ታገኝዋለሽ፣ እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ቡሎን ጥርሱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሮቹ ትንሽ ጋደል ይላሉ። ስትቆርጪ የሳህኑን ጠርዝ ሳይሆን መስመሩን ተከተይ። ሙሉውን ጣሪያ በአንድ ቁራጭ እንዳትከድኑት። እውነተኛው ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲም ገደማ ነው፣ በእናንተ መጠን 23 ሚሊ ሜትር በ10 ሚሊ ሜትር። እንደዚያ ቆራርጡትና ከታች ጀምራችሁ አንዱን በአንዱ ላይ እያሳለፋችሁ ለጥፉት፣ ዝናቡ የሚወርድበትን አስቡ። ጠርዙ ስለታም ነው፣ መቁረጡን አንቺ፣ መለጠፉን ልጁ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ቁራጮቹን ለየብቻ ቀቡ። አያት ቤቱን በአንድ ቀን አላለበሱትም፤ አንዱ ቆርቆሮ አዲስ ነው፣ ሌላው ዝጓል፣ ሌላው ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ዝገት መሃል ላይ አይጀምርም፣ ምስማሩ ጋና ጫፉ ላይ ነው የሚጀምረው። ከላይ ድንጋይና አንድ አሮጌ ጎማ ጣል አድርጉበት። ጎማው 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥቁር ኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ቀጠን አድርጋችሁ ስትቆርጡት ልክ ጎማ ይወጣችኋል።

ጥያቄ፦ ሐምቡርግ ሄጄ ትልቁን የሞዴል ባቡር ትርኢት አየሁ፣ ስመለስ እንቅልፍ አጣሁ። ለገሃርን መሥራት አለብኝ። ያለኝ ጥቂት ፎቶ ብቻ ነው። ልኩን ከየት አመጣለሁ? አንበሳውንስ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ያየኸው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ነው፣ መንታ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት። ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ አላቸው፣ ሠራተኞቻቸውም በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። አንተ አንድ ነህ፣ ማታ ማታ ነው የምትሠራው። እንቅልፍህን ተኛ።

አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጅ የለህም? ሜትር ይያዝ፣ ጥበቃውን ያስፈቅድ፣ በሩ አጠገብ ሜትሩን ዘርግቶ ፊት ለፊት ፎቶ ያንሳ። አንድ ነገር በትክክል ከታወቀ ሌላው ከፎቶው ይቆጠራል። ሰው ራሱ ሜትር ነው፤ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በኤች ኦ 2 ሳንቲም ነው። ከፎቶው ላይ በሩ የሰውየው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ፎቁ የበሩ ስንት እጥፍ እንደሆነ ቁጠር። ለቀረው ሥራ ይህን ያዝ፦ እውነተኛውን ሜትር በ11.5 ካባዛኸው የአንተ ሚሊ ሜትር ይወጣል። ከታች ወደ ላይ ቀና ተብሎ የተነሳ ፎቶ ላይ ግን እንዳትለካ፣ ላይኛው ፎቅ ይጠብብሃል።

ካርቶን ከመቁረጥህ በፊት ፎቶውን በልኩ አትመህ ካርቶን ላይ ለጥፍና ገበታው ላይ አቁመው። አንድ ሳምንት እያየኸው እለፍ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ሕንፃው በዛ» ትላለህ። ያኔ ቀንስ። መስኮቱ 9 ከሆነ 7 አድርገው፣ የዳርና የዳሩን ሳትነካ ከመሃል ነው የምትቀንሰው፤ ማንም አይቆጥርም። የአርክቴክቸር ተማሪ የምታውቅ ከሆነ ለምነህ አንድ ቀን አስቆርጠው። እነሱ በካተር የሚሠሩትን እኔ በሃያ ዓመት አልደረስኩበትም።

አንበሳው ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ግን መልስልኝ፦ ገበታህ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፣ ለንግሥ በዓሉ። ከዚያ ጣሊያን ወደ ሮም ወሰደው፣ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። የ1950ውን ለገሃር እየሠራህ አንበሳ ካቆምክ አንድ አዛውንት መጥተው ጣታቸውን ይቀስሩብሃል። ጣቢያውም ዛሬ የምናውቀውን ሕንፃ ይዞ የተጠናቀቀው በ1929 ነው፤ ባቡሩ ግን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ፉርጎው ላይ የምትጽፈው ስምም ይለያያል፤ ጅቡቲ በ1977 ነፃ እስክትወጣ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ነው፣ የኢትዮ-ጅቡቲ የሚለው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። (ሁሉንም በፈረንጅ ቆጠራ ነው ያስቀመጥኩት፣ አንተ ያለኸው እዚያው ስለሆነ።) ዓመቱን ምረጥና ግድግዳህ ላይ በትልቁ ጻፈው። እኔ ያለዓመት ጀምሬ አንድ ጎዳና ላይ ጋሪና ሚኒባስ ጎን ለጎን አቁሜ ተስቆብኛል።

ጥያቄ፦ ዛፎቼ ጎመን ይመስላሉ። (የከዚራ ልጅ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከሁሉም አጭሩ ደብዳቤ ነው፣ ከሁሉም ደግሞ የገባኝ ይኸው ነው። እንጨት ላይ ስፖንጅ ሰክተህ አረንጓዴ ቀባኸው አይደል? ሁላችንም እንዲያ ነው የጀመርነው።

ውጣና ግራር እይ። ከላይ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥላ ነው፣ በመሃሉ ሰማይ ይታያል። ግንዱ ቡናማ አይደለም፣ ወደ ግራጫ ያደላል። የቀጭን ኤሌክትሪክ ገመድ ልባሱን አውልቅና ውስጡ ያሉትን የመዳብ ክሮች ሃያ ያህል አንድ ላይ ግመድ። ከላይ በኩል ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ለየብቻ እየከፈልክ በትነው። ጫፎቹ ሁሉ እኩል ከፍታ ላይ ይድረሱ፣ የግራር ነገሩ እሱ ነው። ግንዱን ኮላና ጀሶ ለውሰህ ቀባው። 7 ሜትር የሚሆን ግራር ለአንተ 8 ሳንቲም ነው። ለቅጠሉ የእቃ ማጠቢያውን ሸካራ አረንጓዴ ጨርቅ ውሰድና በእጅህ እየዘለዘልክ አሳሳው፤ በመቀስ እንዳትቆርጠው፣ ጠርዙ ቀጥ ይላል። ስስ ስስ አድርገህ ጫፎቹ ላይ ጋደም አድርገው። ስትጨርስ እጅህን ከኋላው አድርግ፤ እጅህ ካልታየህ ገና ጎመን ነው።

አረንጓዴው ደግሞ ከጣሳው እንደወጣ አይሁን። ድሬ ውስጥ ያለ አቧራ ያልነካው ቅጠል አሳየኝ። ሁሉም ቀለምህ ውስጥ ትንሽ የአቧራ ቀለም ጨምር፣ ሰማያዊውም ውስጥ፣ ቀዩም ውስጥ። ሣሩን ከቃጫ ሥራው፣ 4 ሚሊ ሜትር አድርገህ ከትክተውና ኮላ ላይ አቁመው፤ ቀለሙ ራሱ ደርቆ የከረመ ሣር ነው። ጭድ ለምን አይሆንም ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ በ87 አባዛው፣ ግንድ ነው። ለመሬቱ ከጀበናው ስር የሚቀረውን የቡና ዝቃጭ እጠቀማለሁ፣ ከበረካ በኋላ ያለውን። ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ ሻጋታ ያወጣል፣ ሁለት ቀን አስጣው።

ደቻቱንም ጨምርበት። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ውሃ ማስመሰል ነው፣ የአንተ ወንዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ለድሬ ልጅ አልነግርም።

ጥያቄ፦ መተሐራን እየሠራሁ ነው። የፈንታሌን ተራራ በጀሶ ገነባሁት፣ ጠረጴዛው ጎበጠ። (ከአዋሽ)

መልስ፦ የእኔም የመጀመሪያው ተራራ ሙሉ ጀሶ ነበር። ሁለት ሆነን ልናነሳው ስንል መሬቱ ላይ ለሁለት ተከፈለ።

ፈንታሌ ከሜዳው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በኤች ኦ 11 ሜትር ተኩል ነው። ጣሪያህን ሰብረህ የጎረቤት ፎቅ ልትገባ ነው። እንዲህ ያለ ተራራ አይገነባም፣ ግድግዳው ላይ ይሳላል፣ ያውም ፈዘዝ ብሎ። የሚገነባው ከፊት ያለው ትንሹ ጉብታ ብቻ ነው፤ እሱንም የካርቶን ጥብጣብ እንደ ሰፌድ ጠልፈህ ሥራው፣ ላዩ ላይ አሮጌ ጨርቅ በቀጭን ጀሶ ነክረህ አልብሰው። ውስጡ ባዶ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል። ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከከሰል ስብርባሪ ሥራው፣ በቀጭን ኮላ ካላሸግከው ግን የነካው ሁሉ ይጠቁራል። የበሰቃን ሐይቅ ስታስገባ ደግሞ ዓመቱን አስብ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ወደ ሀዲዱ የመጣ ነው፤ ቀደም ያለ ዘመን ከሆነ ትንሽ አድርገው።

ጥያቄ፦ የሚሸጡት ሰዎች ሁሉ ፈረንጅ ናቸው፣ ግማሾቹ የበረዶ መንሸራተቻ ይዘዋል። ነጠላ እንዴት ላልብሳቸው? (ከአሽዶድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለም ያልተቀባውን እሽግ ግዢ፣ በጣም ይረክሳል። መንሸራተቻውን በካተር ቁረጪው። እጁ ላይ የቀረው ዱላ ለእረኛ ይሆናል፣ እኔ እንዲያ ነው ያደረግኩት። ነጠላውን ከሶፍት ሥሪ። ድርቡን ለይተሽ አንዱን ስስ ብቻ ውሰጂ፣ 15 ሚሊ ሜትር በ25 አድርገሽ ቁረጪ፣ በቀጭን ኮላ ነክረሽ በወረንጦ አልብሺያት። እርጥብ እያለ ትከሻዋ ላይ እጥፋቱን በስፒል ጫፍ አስተካክይ። ጥለቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፣ በጥርስ እንጨት ጫፍ ነክተሽ ሳቢው፤ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ተይው፣ ከሩቅ ነጩ ብቻ ይበቃል። ሰዎቹን በመስመር አታሰልፊያቸው። ሁለት ሰው ሲያወራ፣ አንዱ ሊስትሮ ጋ እግሩን ሰቅሎ፣ ሌላው ፉርጎ ጥላ ስር ተኝቶ። ባቡር ጣቢያ የሚጠበቅበት ቦታ ነው፣ የሚሮጥ ሰው አታብዢ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል ነው። ያለኝ ቦታ አልጋዬ ራስጌ ያለች መደርደሪያ ናት። የሞዴል ባቡር ለእኔ ቢቀርብኝ ይሻላል? (ሹፌር፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ለምን ይቅርብህ? የጫማ ካርቶን አለህ? 30 ሳንቲም በ18 ገደማ ነው። በኤች ኦ 26 ሜትር በ15 ሜትር ተኩል መሬት ሰጠሁህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው በዚህ ይጣላል።

ባቡሩ የግድ መሄድ የለበትም። አንድ ቁራጭ ሀዲድ፣ ሀዲዱ ከመንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ የዘበኛ ቤት፣ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲህ አንዲት ሱቅ። ቤቱ 3 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን የምትሠራው 35 ሚሊ ሜትር በ46 ነው፣ የክብሪት ቀፎ ያህል። ግድግዳውን ከብስኩት ካርቶን ቁረጥ፣ ላዩን በጀሶና በኮላ ሊጥ በጣትህ ምረግ፣ ከአንዱ ጥግ በታች ትንሽ ፈርፈር አድርገውና ውስጡ ያለውን ጭቃ አሳይ። በሩን ገርበብ አድርገው። ገርበብ ያለ በር ውስጥ ሰው ያለ ያስመስላል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን ይሠራል። የሱቋን መስኮት ከግልጽ ላስቲክ፣ ውስጧ ያለውን ዕቃ ከጋዜጣ ማስታወቂያ ቆርጠህ ለጥፍ። የካርቶኑን ክዳን ከኋላ አቁመው፣ ሰማይ ነው። ስትተኛ ክዳኑን መልሰህ ክደነው፣ አቧራም አይገባ፣ ክፍል ውስጥ ያለውም ሰው አይነካካውም። የሚያስፈልግህ ካተር፣ ነጭ ኮላ፣ ማስመሪያና አራት ቀለም ነው፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ የጡብ ቀይና የአፈር ቢጫ። ሲያልቅ ፎቶ ላክልኝ፤ ካሜራውን ግን ከላይ ሳይሆን በሰውየው ዓይን ከፍታ፣ ከመሬቱ 2 ሳንቲም ላይ ያዘው።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የምድር ባቡር ሠራተኞች ይኖሩባቸው የነበሩትን ቤቶች እየሠራሁ ነው፣ ዓመቱ 1965 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ ቆጠራ። ግድግዳው ቆሟል። የመስኮቶቹ መዝጊያ ግን ሳይቀባ ወር ሆነው። ያለኝ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዱ የሠፈሩ ልጅ አረንጓዴ ነበር ይለኛል፣ ታላቅ እህቱ ደግሞ ግራጫ ነው ብላ ትምላለች። እዚያ ቤት ያደገ ካለ፣ ወይም እናቱ በቀለም የተነሳችው ፎቶ አልበም ውስጥ ያለ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጠብቀው።